ማሰሮ የሌላት አበባ

ቦንጋ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስመጣ ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር። ዝውውር እጠይቃለሁ እያልኩ ዝናቡንም ጭቃውንም ለመድኩት። ተማሪዎቼ «ቲቸር ግንድ» ይሉኛል፤ የማልሰማ መስሏቸው ነው። በረንዳዬ ላይ አሥራ ምናምን የቡና ግንድ ተንጠልጥሎ ስለሚያዩ ነው፤ ግንዶቹ ላይ ደግሞ ኦርኪድ ታስሯል። ነገሩን ከጥፋቴ ልጀምር፤ ሌላ ሰው ከሚያወራብኝ እኔው ብናገረው ይሻለኛል።

አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቼን ጫካ ላሳያቸው ከቦንጋ ወጣ ብላ ወዳለችው ማንኪራ ይዣቸው ሄድኩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ ገበሬ ያረጁ የቡና ዛፎቻቸውን ሲጎነድሉ አገኘናቸው። ያረጀውን ቡና ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው ይቆርጡትና አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ይተዉታል። ተቆርጦ የወደቀው ግንድ ላይ ቅጠላቸው ወፍራም፣ ሥራቸው እንደ ገመድ የተንዠረገገ ተክሎች ተጣብቀዋል። አስተማሪ አይደለሁ? አጋጣሚውን አላሳለፍኩትም። «ልጆች፣ ይሄ ጥገኛ ተክል ይባላል። የቡናውን ምግብ እየመጠጠ ነው የሚኖረው» አልኩ፤ በሙሉ ድምፄ።

ሽማግሌው መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። ቤታቸው የሚናገሩት ካፊኖኖ ነው፤ አማርኛውን ዝግ ብለው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጡ ነው የሚናገሩት።

«ቲቸር፣ ይቺ አባቴ እያለ ነበረች። እየበላችው ከሆነ ቡናው እስከ ዛሬ ለምን አልሞተም?»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ቤቴ ገብቼ የዩኒቨርሲቲ መጽሐፌን ስገልጥ እሳቸው ልክ ናቸው፤ ኦርኪድ ዛፍ ላይ ይቀመጣል እንጂ ዛፉን አይበላም። ውሃውንም ከዝናቡና ከጉሙ ነው የሚያገኘው። ሰኞ ክፍል ገብቼ ስህተቴን አረምኩ፤ ፊቴ ቲማቲም መስሎ።

ሽማግሌው ግን አልተቀየሙኝም። ያን ቀን ልንሄድ ስንል ከወደቀው ግንድ ላይ ሦስት ተክል አላቀው ሰጡኝ። ሁለቱ ትናንሽ ናቸው፤ ሦስተኛዋ ያቺ የአባታቸው ነች። «ቡናው ተቆረጠ። እሷ መሬት ላይ ትሞታለች። አዲሱ ቡና እስኪያድግ ቤትሽ አኑሪልኝ» አሉ። እኔም «እንደ ዓይኔ ነው የማያት፣ ጋሼ» ብዬ ቃል ገባሁ።

እንደ ዓይኔ ያየኋት እንዲህ ነው። ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ቆርጬ፣ ጥቁር አፈር ሞልቼ፣ ሦስቱንም ተከልኳቸው። ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ፤ የቦንጋ ዝናብ ያነሰ ይመስል። በወሩ ሁለቱ በሰበሱ። የአባታቸው ሁለት ቅጠል ቀራት፤ አንዱም ቢጫ ነበር።

ሽማግሌው ማር ሊሸጡ ገበያ ሲወጡ ቤቴ ጎራ አሉ። ታማለች፣ ጎረቤት ወስዷታል፣ ያላሰብኩት ውሸት አልነበረም። ፊታቸውን ሳይ ግን አልቻልኩም፤ ጀሪካኑን አወጣሁት። ጎንበስ ብለው አዩትና «ቀበርሻት እንዴ?» አሉኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አልተቆጡም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ነቀሏትና የበሰበሰውን ሥር በቢላ ቆራርጠው ጣሉ። «ግንድ አምጪ» አሉ። ከጓሮ የባሕር ዛፍ ቁራጭ ባመጣላቸው ሳቁብኝ። «ይሄ ልጡን ይጥላል። ልጡ ሲወድቅ እሷም አብራ ነው የምትወድቀው።» በሚቀጥለው ገበያ ከዚያው ከአባታቸው ቡና አንድ ክንድ የሚሆን ግንድ ቆርጠው መጡ። ቅርፊቱ ሻካራ ነው፣ ሽበት የመሰለ ነገር ለብሷል። ቀፎ ዛፍ ላይ እንደሚያስሩት አድርገው በእንሰት ቃጫ አሰሯት፤ ሥሯ ግንዱን እንዲነካ፣ መሃሏ ላይ ውሃ እንዳይቆም ደግሞ ቅጠሏ ወደ ታች እንዲያዘነብል። እኔ አዋቂዋ ሽቦ ላምጣ አልኩ።

«ሽቦ ተይው። ቃጫ በዓመቱ ይበሰብሳል። እስከዚያ ራሷ ትይዛለች።»

«ካልያዘችስ?»

«ካልያዘች ሽቦም አያድናትም።»

ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሰቀልናት። ሰባት ወር ምንም የለም። በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አያታለሁ፤ ጎረቤቴ «ዛሬስ አናገረችሽ?» እያለች ታሾፍብኛለች። በስምንተኛው ወር ከቅጠሉ ሥር ጫፉ አረንጓዴ የሆነ ነጭ ሥር ብቅ አለና ቅርፊቱን ይዞ ወረደ። ቁርሴን ሳልበላ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ማንኪራ ሄጄ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ የማንኪራ ሰው ቡና ሲጎነድል ኦርኪዱን አይጥልም፤ ለእኔ ያስቀምጥልኛል።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የኦርኪድ ኤግዚቢሽን መኖሩን ሰማሁ። ከሥልጠናው ጠፍቼ ሄድኩ። ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ ነብርማ፣ የሌለ ቀለም የለም፤ ሁሉም ከውጭ የመጣ፣ ሁሉም የሚያምር ማሰሮ ውስጥ። «የአገራችንስ የት ነው?» ብዬ አዘጋጇን ጠየቅኳትና ስልኬ ላይ የበረንዳዬን ኦርኪድ ፎቶ አሳየኋት። ሴትየዋ በትሕትና ፈገግ አለች። «ይሄማ የጫካ ጥገኛ ነው፣ የኔ እህት።»

ደሜ ፈላ። እኔው ራሴ በተማሪ ፊት ያልኩትን ቃል ከሌላ አፍ ስሰማው ባሰብኝ። አፍንጫሽን ላሺ ልላት ምንም አልቀረኝም። «የዛሬ ዓመት ይቺኑ ተክል እዚሁ አመጣታለሁ፤ ያኔ ጥገኛ መሆኗን ትነግሪኛለሽ» ብያት ወጣሁ። ቦንጋ ተመልሼም ለመምህራኑ ሁሉ ለፈለፍኩ። መመለሻ የለኝም ማለት ነው።

በዓመቱ መስከረም ሲያልቅ እንቡጥ አወጣች። ስምንት ነጭ አበባ፣ እያንዳንዱ ከኋላው ረጅም ቀጭን ጭራ ያለው። ሽማግሌው መጥተው አዩዋትና «ብቻዋን አትሄድም» አሉ። ኮታቸውን ለብሰው አብረን ተሳፈርን። ግንዱን በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አደረግኩት። የአውቶቡሱ ረዳት «እንጨቱ ጣሪያ ላይ ይጫን» ሲለኝ «መጀመሪያ አንተ እዚያ ውጣና ምቾቱን ንገረኝ» አልኩት። እስከ ጅማ አኮረፈኝ።

የኤግዚቢሽኑ ዳኞች ሦስት ናቸው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ፎርማቸውን ይዘው መጡ። ቀለም፣ ጤንነት፣ ሽታ፣ የማሰሮ ውበት ይላል። ማሰሮ የላትም፤ ዜሮ ጻፉ። ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ አሸተተና «ሽታም የላትም» አለ፤ ሌላ ዜሮ።

«ማታ ነው የምትሸተው። ፀሐይ ሲጠልቅ ይመለሱ» አልኩት።

«ፎርሙ ላይ ማታ የሚል የለም፣ እመቤት።»

ሄዱ። እንባዬ መጣ፤ አዎ፣ ለአበባ። ሁለት ዓመት የደከምኩባት፣ ቃል የገባሁባት ነች። ሽማግሌው ከጎኔ ወንበር ላይ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። «ተኝታለች እኮ» አሉኝ፣ «ትነሳለች።»

ሽልማቱ ለአሥራ አንድ ተኩል ተቀጥሯል። ዝናብ መጣና መስኮቱን ሁሉ ዘጉት። የክብር እንግዳው ንግግር ጀመሩ። ስለ አበባ ጀምረው ስለ መንገድ፣ ከመንገድ ስለ ወጣቱ፤ ገጹ አላልቅ አለ። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያያል። እኔ ግን ዕድሜ ይስጥልኝ አልኩ፤ ረጅም ንግግር ስወድ የመጀመሪያዬ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። መሸ።

መጀመሪያ ከፊታችን ያለች ሴት ዞር አለች። ከዚያ ከኋላዋ ያሉት። አዘጋጇ መድረኩ ላይ የአሸናፊዎቹን ወረቀት ይዛ ቆማ ነበር፤ ልታነብ አፏን ከፍታ ተወችው። «ሽቶ የረጨ አለ?» አለች በማይክራፎኑ። ማንም አልረጨም። ጣፋጭ ነው፣ የማንኪራ ሽታ ነው፤ አዳራሹን ሞላው። ሰው ከወንበሩ እየተነሳ፣ አፍንጫውን እየተከተለ መጣ፤ መጥቶ መጥቶ የኛ ጠረጴዛ ጋ ቆመ። ሰብሳቢው ዳኛም መጣ። ጎንበስ አለ፤ ቶሎም አልተነሳ። ከዚያ ሁለቱን ባልደረቦቹን ጠራ፣ ፎርሙን አወጣ፣ ሁለቱንም ዜሮ ሰረዘ።

አንደኛ ወጣች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ የምደብቀው ነገር የለም። ባለቤት ተብሎ ሲጠራ ሽማግሌውን ገፋኋቸው። ግንዱን እንደ ሕፃን አቅፈው መድረኩ ላይ ወጡ። አዘጋጇ ማይክራፎኑን ስታቀርብላቸው ቃሉን አንድ በአንድ አወጡት።

«ጥገኛ አይደለችም። እኛ ቤት ከእኔ በፊት ነበረች።»

ሴትየዋ አንገቷን ደፋች፤ ቀጥሎ ከሁሉ ቀድማ አጨበጨበች። እኔም መዳፌ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ።

ሽልማቱ ምን ይመስላችኋል? ወርቅ የተቀባ ትልቅ የአበባ ማሰሮ። ሽማግሌው ወደ ውስጡ አይተው «ይሄ ላንቺ ነው» አሉኝ፤ እስከ ጅማ ሳቅን።

የተጎነደለው የአባታቸው ቡና አሁን ከራሴ በላይ አድጓል። ባለፈው ወር ኦርኪዷን ከነግንዷ ማንኪራ መልሰን እሱ ላይ አሰርናት። የድሮው ቃጫ በስብሶ ስለነበር በእጃችን ቀረ፤ እሷ ግንዷን ለቀቅ አላደረገችም። ማሰሮው በረንዳዬ ላይ ነው። ቃጫ አስቀምጥበታለሁ።