በባቡር ፊሽካ የምትቆጥረው አዋላጃችን፣ ሲስተር አስካለ

ሲስተር አስካለ ሞተች አሉኝ። «የትኛዋ አስካለ?» አልኩ። ሌላ አስካለ እንደማላውቅ እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት።

ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። ወሬውን ያመጣው ሰው «አዋላጇ ናታ! ዛሬ ጠዋት» አለኝ። ሽንኩርቱን መምረጤን ቀጠልኩ። ገዝቼ ቤት ገባሁና ተቀመጥኩ። እስካሁን እንባም አልመጣ፣ ምንም አልመጣ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። «አታሳምሪው፣ እንዳልኩሽ ጻፊው» ብያታለሁ።

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ባቡር ጋራዥ ነበር የምሠራው። ፊሽካውን የማስጮኸው እኔ ነኝ። የሥራ መግቢያው አንድ ረጅም፣ የመውጫው ሁለት ረጅም። ያኔ የእጅ ሰዓት ያለው ሰው ጥቂት ነው። ከቀፊራ እስከ ለገሃሬ ሰው የሚነሳው፣ ድስት የሚጥደው፣ ልጁን ወደ ቤት የሚጠራው በእኔ ፊሽካ ነበር። ውሸት ከሆነ የድሬ ሽማግሌ ይናገር።

አስካለ ይህን ታውቃለች። ጤና ጣቢያ ለምጥ የገባችን ሴት መጀመሪያ የምትጠይቃት «ውሃው ሲፈስ የትኛው ፊሽካ ነበር?» ብላ ነው። ከዚያ በጣቷ ትቆጥራለች። ውሃው ፈሶ ብዙ ከቆየ፣ ልጁን ጀርም እንዳይዘው መርፌ ነው። ሌላ ጨዋታ የለም።

እኔና ሚስቴ ዘይነባ አንድ ልጅ ቀብረናል። የመጀመሪያውን። ቤት ነው የተወለደው፣ ውሃው ፈሶ ውሎ ካደረ በኋላ። ሲወለድ ደህና ነበር። በማግስቱ ጡት አልይዝ አለ። አያለቅስም። ጎረቤቱ እየገባ «ማሻ አላህ! እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ እናቱን አያስቸግር» ይላል። እኛም ደስ ብሎን ነበር።

ጨዋው ልጅ ቀኑ ሳይመሽ ሞተ።

አስካለ ለለቅሶ መጣች። ተቀምጣ ሁሉንም ጠየቀች። ስትወጣ ሴቶቹን በር ላይ አቆመችና «የሚያለቅሰውን ልጅ በእግራችሁ አምጡልኝ፤ ዝም ያለውን ግን እየሮጣችሁ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ለስንቱ እናት ይህንኑ ስትል ሰምቻታለሁ።

ሁለተኛው ሲደርስ ዘይነባን ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ወንድ አይገባም። መስኮቱ ስር ቆምኩ። ለሙቀቱ ብለው ከፍተውታል።

«የትኛው ፊሽካ ነበር?» አለች አስካለ።

«የመውጫው... የትናንቱ» አለች ዘይነባ፣ ምጡ መሀል።

«የትናንት ማታ ከሆነ ደህና ነው፣ ብዙም አልቆየ።»

እኔ ከውጭ ጮህኩ። «አይደለም! ትናንት ማታ ፊሽካ የለም! ካድሬው ስብሰባ ብሎ ጠዋት ነው ያስወጣን። የመውጫውን ጠዋት ነው ያስጮህኩት!»

ጭንቅላቷን በመስኮቱ አወጣች። «ዋርያ! አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«የፊሽካው ባለቤት ነኝ!»

«ታዲያ ቀድመህ አትናገርም? አቦ፣ የናንተ ስብሰባ ሰው ሊጨርስ ነው!» ካለች በኋላ ግራ ቀኝ አየች። እንዲህ ያለ ነገር ያኔ ጮክ ተብሎ አይወራም።

ዘይነባን ወዲያው መርፌ ወጋቻት። ትኩሳትም ጀምሯት ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጁ ወጣ። ወንድ።

ሴቶቹ ልጁን ጠቅልለው ሊወስዱ መጡ። አራስ ቤቷ ትገባለች፣ ወጉ ነው። አስካለ በሩን ዘግታ ቆመች። «ይሄ ልጅ ከእጄ አይወጣም።»

እናቴ ተቆጣች። «አንቺ፣ ገንፎው እኮ ቀዘቀዘ!»

«አምጪውና እዚሁ እንብላው።»

መጣ፣ በላች። በአንድ እጇ ትበላለች፣ ሌላው እጇ ልጁ ደረት ላይ ነው። ትንፋሹን እየቆጠረች። እናቴ «ይቺ ሴትዮ ገንፎዬን ጨረሰችው» እያለች ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ልጁ ዝም አለ። ጡቱን ለቀቀ። ትንፋሹ ይፈጥናል፣ እንደ ትልቅ ሰው ያቃስታል። ቤት ቢሆን ጨዋ ልጅ ይሉልን ነበር። አስካለ ግን አጠገቡ ናት። እዚያው ወጋችውና እቅፍ አድርጋው ሆስፒታል ሐኪም ጋ ሮጠች። ነጠላዋ መንገድ ላይ ወደቀ፣ ዞር ብላም አላየችው። እኔ አንስቼ ተከተልኳት።

ብዙ ቀን ተወጋ። ተረፈ።

የልጅ ልጄ የጤና ተማሪ ናት። ግሩፕ ቢ ስትሬፕ የሚባል ጀርም አለ ትለኛለች። እናትየውን ሳያሳምም አብሯት ይኖራል፤ በወሊድ ጊዜ ልጁን ይይዘዋል። የኛም እሱ ሊሆን ይችላል ትላለች። ያኔ ማን መረመረው።

ቤታችሁ ነፍሰ ጡር ያለቻችሁ፣ ስሙኝ። ውሃ ፈሰሰ ማለት ምጥ እስኪመጣ ቁጭ በሉ ማለት አይደለም። ተነሱና ሂዱ። መቼ እንደፈሰሰም በትክክል ተናገሩ።

አስካለ፣

ለማንም እርስዎ ሳትይ ኖርሽ፤ እኔም አንቺ ብዬ ነው የምሸኝሽ። ቁጭ ብያለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። ነገ ይሰማኝ ይሆናል።

ያ ልጅ፣ ረሻድ፣ አሁን ጢሙ ሸብቷል። መሞትሽን ስነግረው ጫማውን አደረገና ቤትሽ ሄደ። ለልጆችሽ «ነገ ሳጥኑን ከፊት በቀኝ የምይዘው እኔ ነኝ፣ ማንም እንዳይቀድመኝ» ብሏቸዋል።

እስከ ቤተክርስቲያኑ በር እሱ ይሸከምሻል። ትከሻው ሰፊ ነው፣ አይጥልሽም።

ሂጂ፣ እህቴ።