አንድ ናቸው

ሆላንድ፣ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር ከምሠራበት ሆቴል ያወጡኝ በእርጥብ ሽርጤ ነው። ፖሊሶቹ ኮቴን እንኳን እንዳነሳ ፋታ አልሰጡኝም። ዘ ሄግ ያስገቡኝ ክፍል ግድግዳው ነጭ ሴራሚክ፣ አልጋው ከወለሉ ጋር የተበየደ፣ የበረኪናው ሽታ ዓይን የሚያቃጥል ነበር። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የጥገኝነት ጥያቄዬ ገና መልስ አላገኘም። አገር ቤት ደርግ አንዴ አስሮኝ አምልጫለሁ። ቢመልሱኝ ሁለተኛ እንደማልተርፍ አውቅ ነበር።

በዚያ ሳምንት ከሥልጣን የወረዱ የኮሪያና የጃፓን ትልልቅ ሰዎች፣ መንግሥት ሳይልካቸው በግላቸው ሊነጋገሩ እኛ ሆቴል አርፈው ነበር። ነገሩ በሁለተኛው ቀን ተበላሸ። ተኮራረፉ፤ ምሳም በየክፍላቸው ሆነ። በር ላይ ኮሪያውያን ተማሪዎች ተሰብስበው፣ ከጃፓን ጋር ለምን ተቀመጡ ብለው የአገራቸውን ሽማግሌዎች ይሰድባሉ። ለሆቴሉም የማስፈራሪያ ደብዳቤ ደርሷል ተባለ። ከሰዓት በኋላ ሻይ ሳደርስ አንድ ኮሪያዊ ሽማግሌ የታጠፈ ወረቀት አስጨብጠውኝ ማዶ ያለውን የአንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ በር በአገጫቸው አሳዩኝ። ሁለቱም በሚያነቡት በቻይና ፊደል የተጻፈ ነው። ትሪውን ላስቀምጥ ብዬ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። ወጥ ቤት ስደርስ ፖሊሶች ሠራተኛውን ሁሉ እየፈተሹ ነበር፤ ወረቀቱን ከኪሴ አወጡት።

ሊመረምረኝ የመጣው ፖሊስ አስተርጓሚ ይዟል፤ አገራችን አስተምሮ የተመለሰ ሆላንዳዊ ነው። አማርኛው አይከፋም፤ ሽማግሌን «እሳቸው» እንደምንል ግን ዘንግቶታል።

«ማን ሰጠህ?»

«እሳቸው ናቸው የሰጡኝ። ስማቸውን አላውቅም።»

«ስንት ናቸው?»

«አንድ ናቸው።»

ወደ መርማሪው ዞሮ አስተረጎመ። ያለችኝ ትንሽ ደችኛ በቂ ነበረች። «ብዙ ሰዎች ናቸው፤ በአንድነት የቆሙ ናቸው» አለው። ሳቄ አመለጠኝ። መርማሪው ጠረጴዛውን በጡጫ መታው።

«ያስቃል? የማኅበሩን ስም ተናገር! አለዚያ በሚቀጥለው አውሮፕላን አገርህ ነህ» ብሎ በአስተርጓሚው በኩል ጮኸብኝ።

አንድ ጣቴን ቀስሬ አሳየሁት። «አንድ ማኅበር» ብሎ ጻፈ።

ማግስቱን እኩለ ቀን ላይ አስተርጓሚው ክፍሌ መጣ። ፊቱ ቀልቷል።

«ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ተገኘ። ‹ነገ ጠዋት ቁርስ አብረን እንብላ› ነው የሚለው» አለኝና የሰጠሁትን ቃል ዘረጋልኝ። «ፈርምና ውጣ።»

«እዚህ ላይ ‹እነሱ› ይላል፤ ‹ማኅበር› ይላል። ይሰረዝ።»

«ምን ለውጥ አለው? ዝም ብለህ ፈርም!»

«እኚህ ሰው አንድ ሽማግሌ ናቸው። በእሳቸው ላይ ውሸት አልፈርምም።»

በሩን ላዬ ላይ ወርውሮት ሄደ። አልዋሽም፣ ፈራሁ። ያንን አውሮፕላን አሰብኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መርማሪው ራሱ መጣ፤ ፊቴን ሳያይ ሰረዘና «አንድ ሽማግሌ» ብሎ ጻፈበት። ያኔ ፈረምኩ።

ሆቴል ስመለስ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። ሁሉም በየፊናቸው ሄደዋል። ቁርስ ቤት የምትሠራው ባልደረባዬ ነገረችኝ፤ ኮሪያዊው የሁለት ሰው ጠረጴዛ አስይዘው፣ በር በሩን እያዩ ረጅም ሰዓት ከተቀመጡ በኋላ ምንም ሳይቀምሱ ተነሱ።

ዛሬ እዚያው ሆላንድ፣ ኦስዶርፕ የሚባል ሰፈር ጡረታዬን ይዤ እኖራለሁ። መኖሪያ ፈቃዱንም ሰጡኝ፤ መርማሪውንም ረስቼዋለሁ ማለት እችላለሁ። ያ ቁርስ ግን አሁንም ያናድደኛል። ሽማግሌው «ንቀውኝ ቀሩ» ብለው ነው የሄዱት። ጃፓናዊው አልናቋቸውም፤ ወረቀቱ አልደረሳቸውም። ይህን የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።