ከጥዱ ሥር የለቀምሁት እንጉዳይ

ሕመሙ የጀመረኝ እሑድ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከእምብርቴ በላይ የሆነ ነገር ጨምድዶ ያዘኝና ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ወደ ደጅ ወጣሁ። አስመለሰኝ። ወዲያው እንደ ውሃ የቀጠነ ተቅማጥ ተከተለ። ፀሐይ እስክትወጣ ስንት ጊዜ እንደተመላለስሁ አላስታውስም። አጥሩን ተደግፌ ቀና ስል ታላቅ እህቴ እታለም በጓሮ በኩል ተንበርክካ ስታስመልስ አየኋት። ያኔ ነገሩ ገባኝ። እንጉዳዩ ነው።

እኔ ፍኖተ ሰላም ከተማ በመሬት አስተዳደር ሥራ ላይ ያለሁ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እታለም ከማንኩሳ በእግር አንድ ሰዓት በምታስኬድ መንደር የምትኖር ገበሬ ናት። እናታችን ሕፃን ሳለሁ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እንጉዳይ መልቀምም ያስተማረችኝ እሷው ናት። በክረምት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጧት ሲያባራ፣ በግጦሹ ዳር ባሉት የምስጥ ኩይሳዎች ላይ ነጫጭ እንጉዳዮች ብቅ ብቅ ይላሉ። እታለም እጇን አፈሩ ውስጥ አስገብታ ከነሥራቸው ትነቅላቸዋለች። የምስጥ እንጉዳይ ሥሩ ረጅም ነው፤ ወደ ኩይሳው ውስጥ ይወርዳል። ይህን ስታደርግ ዓመታት አይቻታለሁ። ለምን እንደምታደርገው ግን ጠይቄያት አላውቅም።

ያን ቅዳሜ ልጆቼን ለባለቤቴ ለይበልጣል ትቼ የፍልሰታን ጾም ከእሷ ጋር ልውል ሄድሁ። እታለም ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ኩይሳዎቹን ሌላ ሰው ቀድሞ ለቅሟቸዋል። ባዶ እጄን መመለስ አልፈለግሁምና ከመንደሩ በላይ የተተከለው የፈረንጅ ጥድ ውስጥ ገባሁ። ከጥዱ ሥር፣ በረገፈው ቅጠል መሐል፣ የሚያማምሩ እንጉዳዮች አገኘሁ። ራሳቸው ነጣ ብሎ መሐሉ ወደ አረንጓዴ ያደላል። እግራቸው ላይ ስስ ቀለበት የመሰለ ቆዳ አለ። አፈር እንዳይነካቸው ብዬ በቢላ ከመሬት በላይ ቆረጥኋቸው። ዘንቢሌን ሞላሁ።

ቤት ገብቼ ቀቀልሁ፤ የመጀመሪያውን ውሃ ደፋሁት። ነጭ ሽንኩርት ጨመርሁበት፤ መርዝ ካለው ሽንኩርቱ ይጠቁራል ሲባል ሰምቼ ነበር። አልጠቆረም። በዘይት ጠበስሁት። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እታለም መጣችና ሣህኑን አየችው።

«ይሄ ከየት ነው?»

«ከጥዱ ውስጥ።»

«ሥሩስ?»

«አፈር እንዳይነካው ቆርጬው ነው እንጂ ያው እንጉዳይ ነው፣ እታለም።»

«አንቺ ተምረሻል» አለችና እጇን ታጠበች።

ጣዕሙ መልካም ነበር። ይህን የምጽፈው ምላሳቸውን የሚያምኑ ሰዎች ስላሉ ነው።

ጎረቤት ባጃጅ ጠርቶልን እሑድ ረፋድ ላይ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ደረስን። የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት። ምን እንደበላን ስነግራት ሌላ ነገር ሳትጠይቅ «ስንት ሰዓት ላይ በላችሁ? ስንት ሰዓት ላይ ጀመራችሁ?» አለችኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየ ነገርኋት። ፊቷ ተለወጠ።

«ቶሎ የሚያስመልስ እንጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ሆድን አስቸግሮ ይሄዳል» አለችኝ። «ከስድስት ሰዓት በላይ ቆይቶ ሲጀምር ግን ጉበት እንዳይመርዝ እንፈራለን።»

ለሁለታችንም በሁለቱም ክንዳችን ግሉኮስ ተሰካ። አክቲቬትድ ቻርኮል የሚባል እንደ ከሰል የጠቆረ ነገር በውሃ በጥብጠው አጠጡን። ፔኒሲሊን በደም ሥር ጀመሩልን። ደም ወሰዱ። ሐኪሟ ይበልጣልን ጠርታ እንጉዳዩን ወደለቀምሁበት ቦታ ላከችው። እሱም ቆርጬ የተውኋቸውን ጉቶዎች ቆፍሮ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣ። ጉቶዎቹ እያንዳንዳቸው የተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት በመሰለ ነጭ ከረጢት ውስጥ ተተክለዋል። ያ ከረጢት የነበረው አፈሩ ውስጥ ነው። እኔ ከበላዩ ነበር የቆረጥሁት።

«ይህ ከረጢት የመርዘኛው እንጉዳይ ምልክት ነው፤ አማኒታ የሚባለው ወገን ይመስላል» አለች ሐኪሟ። «እርግጠኛ ሆኜ ልነግራችሁ አልችልም። የማክማችሁ ግን እንደዚያ ቆጥሬ ነው።»

ሰኞ ጧት ተሻለን። ማስመለሱም ተቅማጡም ቆመ። ራበኝ። እታለም አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንግዲህ ልሂድ» አለች። «ላሚቱ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል።»

ሐኪሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እማማ፣ ቡሬ ገጠር ስሠራ እንደ እናንተ እንጉዳይ የበሉ ባልና ሚስት አክሜ ነበር። በሁለተኛው ቀን ተሻለን ብለው ሄዱ። በአራተኛው ቀን ባልየውን በቃሬዛ መለሱት። አልዳነም። ዛሬ ሆድዎ ነው የተሻለው። መርዙ ጉበትዎ ላይ ሥራውን ገና እየጀመረ ይሆናል።»

እታለም በአክብሮት አዳመጠቻት። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ። እኔ ግን ደኅና ነኝ» አለች። በራሷ ፈቃድ መውጣቷን የሚገልጸው ወረቀት ላይ አሻራዋን አስፍራ ሄደች። እኔም ልከተላት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያስቀረኝ ብልሃት አይደለም፤ ስነሣ እግሬ ስላልጸና ነው።

ከሰዓት በኋላ የደሙ ውጤት መጣ። የጉበት ኢንዛይሞች፣ ኤኤልቲና ኤኤስቲ የሚባሉት፣ የእኔ ከልክ በላይ ጨምረዋል። የእታለም ከእኔም ይብስ ነበር። ደኅና ነኝ ብላ የሄደችው እሷ ነበረች።

ይበልጣል በተከራየው ሞተር መንደሩ ደርሶ ደወለልኝ። እምቢ ብላለች አለኝ። ስልኩን ስጣት አልሁት።

«እታለም፣ ያበላሁሽ እኔ ነኝ» አልኋት። «ሥሩስ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ከሞትሽ የገደልሁሽ እኔ ነኝ። ይሄን አሸክመሽኝ አትሂጂ።»

የላሚቱ እምቧታ በስልኩ ይሰማ ነበር።

«ብቻሽን ነሽ እዚያ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«መጣሁ።»

ለራሷ አልነበረም የመጣችው። ያም ሆኖ ተመለሰች።

ማክሰኞ በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ላኩን። ብዙ ጊዜ የሚዘጋው መንገድ ያን ቀን ክፍት ነበር። ቡሬን ስናልፍ የእታለም ዓይን ነጩ ቢጫ ሆኖ አየሁት። የእኔንም እሷ አየችው።

ረቡዕ ድዷ ደማ። መርፌ የተወጋችበት ቦታ ሁሉ ጠቆረ። ማታ ሲመሽ በእናታችን ስም ጠራችኝ። አላወቀችኝም። የባሕር ዳሩ ሐኪም ጎልማሳ ሰው ነው፤ ነገር አያረዝምም። «ጉበቷ ደም የሚያረጋውን ነገር መሥራት አቁሟል» አለኝ። «በሌላ አገር ጉበት ይቀይሩላት ነበር። እዚህ አንችልም። ያለንን እንሰጣታለን። ከዚያ እንጠብቃለን።» ያላቸው ቫይታሚን ኬ፣ ፕላዝማ፣ ግሉኮስና ኤን አሴቲልሲስቲን የሚባል መድኃኒት ነበር። ይህን የመጨረሻውን መድኃኒት ይበልጣል ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሮ አገኘው።

ሐሙስ ለውጥ የለም። እኔ በአጠገቧ አልጋ ላይ ነበርሁ። ማልቀስ አቅቶኝ ነበር።

ዓርብ ጧት ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ መጣ። የደም መርጋትን የሚለካው አይኤንአር የሚባለው ቁጥር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሏል። «ኢንዛይሙን ተዉት፣ ይሄኛውን ነው የማየው» አለኝ። «ጉበቷ ሥራ ጀምሯል።» በማግሥቱ እታለም ዓይኗን ገልጣ አየችኝና «ላሚቱ ወለደች ወይ?» አለችኝ። ወንድ ጥጃ ወልዳ ነበር። ስነግራት ሴት ነበር የፈለግሁት ብላ ፊቷን አዞረች፤ እኔም እንጉዳዩን ከበላንበት ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስሁ።

ማገገሙ ከሕመሙ ይልቅ ረጅም ነበር። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ቆይተን ስንወጣ ዓይናችን ገና ቢጫ ነበር፣ ሰውነታችን ያሳክከን ነበር፣ የዘይት ሽታ ያንገሸግሸን ነበር፣ ከአልጋ እስከ በር መሄድም ለእኔ እንደ ተራራ መውጣት ሆኖብኝ ቆይቷል። ጎረቤቶቻችን በመልካም ልብ የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚሉትን የቅጠል ጭማቂ በየብርጭቆው ይዘውልን መጡ፤ የታመመ ጉበት ምን እንዳለበት የማይታወቅን ነገር ሁሉ ማጣራት እንዳለበት ሐኪሙ አስረድቶን ስለነበር በምስጋና ተቀብለን አልጠጣነውም፤ ቅር ያላቸውም ነበሩ። ጠላም ሆነ ማንኛውም የአልኮል መጠጥ፣ ሐኪም ሳይጠየቅ የሚዋጥ ፓራሲታሞልም ጭምር ተከልክለን ለወራት ቆየን። በየሁለት ሳምንቱ ደማችንን ስንታይ ቁጥሮቹ እየወረዱ ሄዱ፤ የጥምቀት ሰሞን የሁለታችንም ልክ ሆኖ ተገኘ። አሁን እኔ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፣ መሬት ልኬት ሲኖርም ቀኑን ሙሉ ገደል ወጥቼ ገደል እወርዳለሁ። እታለም ዘንድሮም ከኩይሳዋ ላይ ለቅማ በልታለች። እኔ አልበላሁም፤ አትብሊ ስላትም አልሰማችኝም።

ሐኪሟ ሰዓታችንን ባትጠይቅ ኖሮ ሁለታችንም ሰኞ ወደ ቤት ሄደን እዚያው እንቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ለእሷ፣ ለባሕር ዳሩ ሐኪም፣ የእታለምን ጎን በየሁለት ሰዓቱ ይገለብጡ ለነበሩት ነርሶች፣ ለይበልጣልም ምስጋናዬ እስክሞት አያልቅም።

ይህን የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ ዛሬ ሰው ታሞባችሁ ይሆናል። የተረፈውን እንጉዳይ፣ ልጣጩንም ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሌለ ከበቀለበት ቆፍራችሁ ውሰዱ። ስንት ሰዓት እንደተበላና ስንት ሰዓት እንደጀመረ ሳትጠየቁ ተናገሩ። አብሮ የበላ ሰው ሁሉ፣ ምንም ባይሰማውም፣ አብሮ ይታይ። ሽንኩርትም፣ መቀቀልም፣ ፍየል በልታው ደኅና መሆኗም፣ መጣፈጡም ማስረጃ አይሆኑም። ቢጫ ዓይን አይታችሁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ፤ ጉበት ጊዜ ካገኘ ራሱን ይተካል፤ እኛ ምስክሮች ነን።

በሁለተኛው ቀን ግን ሕመምተኛችሁ ተነሥቶ ይቀመጣል። ራበኝ ይላል። ቤቱን፣ ከብቱን፣ ልጆቹን ያነሣል። ያን ጊዜ ደስ ይበላችሁ፣ ምግብም ስጡት፤ ሐኪሙ ሂድ ሳይለው ግን ከአልጋው አጠገብ አትነሡ።