ስም የሌላቸው ቁልፎች

«ቁልፍ» አለ ኮምፒውተሩ።

ስልክ ተቀባይዋ ታብን፣ ወደ ቀጣዩ ቦታ የሚያሻግረውን ቁልፍ፣ እንደገና ነካች።

«ቁልፍ።»

አሁንም ነካች። «ቁልፍ።» ደገመች። «ቁልፍ።»

«ይሄ ሰውዬ ሌላ ቃል ጠፋበት እንዴ?» አለች፣ የጆሮ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ ገፋ አድርጋ። «ዓርብ ዕለት እኮ ዓይን፣ ጥርስ፣ አጥንት እያለ ሲለፈልፍ ነበር የዋለው።»

«ውሃ ልክ» የሚሉት ወንድሟ ከጀርባዋ ቆሞ ስክሪኑን አየ። ትናንሽ ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ ጥርስ፣ ዓይን፣ አጥንት፣ ቆዳ እያሉ ይሄዳሉ። ለሚያይ ሰው ቁልጭ ያሉ ናቸው። የፕሮግራሙ ሠሪዎች ግን ከሥዕሎቹ ጀርባ ስም አልጻፉም። የእህቱ አንባቢ ፕሮግራም ደግሞ ጽሑፍ እንጂ ሥዕል ወደ ድምፅ አይቀይርም። ስም ካጣ «ቁልፍ» ብሎ ያልፋል።

ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ሆስፒታሉ አዲሱን የቀጠሮ ፕሮግራም ሥራ ላይ ያዋለበት ቀን። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ስልክ ይጮሃል። እህቱ አላነሳችውም። አሥራ ስድስት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ስትሠራ፣ ስልክ እየጠራ እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ ሲያያት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ጥሩ ነው ብለህ ያመጣኸው አንተ ነህ» አለችው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እውነቷን ነው።

ውሃ ልክ የወጣለት ቅጽል ስም ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ ገጽ አቀናባሪ ነው፤ አንድ መስመር የፀጉር ያህል ዝንፍ ካለ ገጹን አያሳልፍም። ባልደረቦቹ በግንበኛ መለኪያ ሰየሙት። እነሱ የማያውቁት፣ ጠባዩ ከማተሚያ ቤት እንዳልመጣ ነው። እህቱ በሰባት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን ስታጣ እሱ አራት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታቸው ውስጥ የተነሳ ዕቃ ወደ ቦታው ይመለሳል። በርጩማ አይንቀሳቀስም። ጫማ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ፣ አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ ይቀመጣል። አንድ ቀን ባልዲ መተላለፊያ ላይ ትቶ ግንባሯ ተፈንክቷል፤ ጠባሳው አሁንም አለ። እናትና አባታቸው ካለፉ በኋላም ሁለቱ እዚያው ቤት፣ በዚያው ሥርዓት ይኖራሉ።

ፕሮግራም መጻፍ የተማረው ለእሷ ብሎ ነው። አንባቢውን ያገኘላት እሱ ነው። በጎ ፈቃደኞች ሠርተው፣ ኮዱን ማንም እንዲያየውና እንዲያስተካክለው ክፍት አድርገው የለቀቁት ፕሮግራም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ደብዳቤ ራሷ ከፍታ ያነበበች ቀን፣ «በል አሁን ውጣልኝ፣ የግል ጉዳይ ነው» ብላ ከክፍሉ አስወጣችው። በሕይወቱ በዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎት ተባሮ አያውቅም።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ምክር ሲጠይቀው፣ ውሃ ልክ ማተሚያ ቤት የሚለብሰውን ካፖርት አውልቆ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ሄደና እንደ አንባቢው ሁሉ በጎ ፈቃደኞች ስለሠሩት ክፍት የቀጠሮ ፕሮግራም በሠራተኞቹ ፊት ተናገረ። «ይህ ፕሮግራም ባለቤቱ ሁሉም ሰው ነው» አለ። «የጎደለውን ያየ ይሞላዋል። ማንም ደጅ አይቀርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።» ተጨበጨበለት። እህቱም ከኋላ ወንበር ሆና አጨብጭባለች።

ሥዕሎቹን ያኔ አይቷቸዋል። ስም እንዳላቸው ግን አልመረመረም። ይኖራቸዋል ብሎ ነበር።

የእህቱ አለቃ፣ የስልክ ክፍሉ ኃላፊ፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። የሦስት ሳምንት ጊዜ ሰጡ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ከውጭ ገምጋሚ ትመጣለች፤ ከጠዋት እስከ ምሳ ሠላሳ ጥሪ በትክክል ያስተናገደ ወንበሩን ይይዛል። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው።

ውሃ ልክ በዚያው ሰኞ፣ በምሳ እረፍቱ፣ ኮዱን ከፍቶ ችግሩን አገኘው። አሥራ አንድ ሥዕል፣ አሥራ አንድ ስም። አሥራ አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነው። ሻዩ ሳይበርድ ጨረሰ።

በዚያ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን ፋይሉ ውስጥ ሌላ ነገር አየ። መስመሮቹ እኩል አልገቡም። አንዱ ነገር በአንድ ቦታ አንድ ስም፣ በሌላ ቦታ ሌላ ስም ተሰጥቶታል። እጁ አላስችል አለው። ያንን አስተካከለ፤ ከዚያ የጎረቤቱን ፋይል፤ ከዚያ የጎረቤቱን ጎረቤት። ረቡዕ ሲደርስ አርባ ሦስት ፋይል ነካክቷል። ሁሉም እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ቀጥ ብሏል።

ከሥራው ጋር የሚሄድ ማብራሪያ መጻፍ ነበረበት። መጀመሪያ ስለ እህቱ ጻፈ፤ ስለ ስልኩ፣ ስለ ሦስቱ ሳምንት። አነበበውና ልመና መሰለው። ሰረዘው። በምትኩ ስለ አጻጻፍ ወጥነት አራት አንቀጽ ጽፎ ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ላከ።

መልሱን የሚሰጠው አንድ ሰው ነው። የት አገር እንዳለ ውሃ ልክ አያውቅም። ያ ሰው የራሱ እንጀራ አለው፤ ይህን የሚሠራው በትርፍ ሰዓቱ፣ በነፃ ነው። እሱ «ይግባ» ካላለ የማንም ሥራ አይገባም።

መልሱ በዘጠነኛው ቀን መጣ።

«በጣም አመሰግናለሁ፤ የጸዳ ሥራ ነው። ነገር ግን አርባ ሦስት ፋይል ባንድ ጊዜ መርምሬ አልዘልቀውም። የቁልፎቹን ስም ለብቻው ልከኸው ቢሆን ያኔውኑ አስገባው ነበር።»

ውሃ ልክ አሥራ አንዱን መስመር ለይቶ ለመላክ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀበት። ወዲያው መልስ ደረሰው። ከሰው ሳይሆን ከማሽን ነበር፤ ሰውየው ልጅ ተወልዶለት ለአራት ወር ከሥራው ተለይቷል፤ አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሌሎቹን በጎ ፈቃደኞች ይጠይቅ።

ሌሎቹ ስድስት ነበሩ። ለሁሉም ጻፈ። አንዱ «እኔ የማውቀው የላብራቶሪውን ክፍል ብቻ ነው» አለ። ሁለቱ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ሰደዱለት። የቀሩት ዝም አሉ።

«እንኳን ደስ ያለው» አለች እህቱ፣ የልጁን ነገር ስትሰማ። «ወንድ ነው ሴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እታለም! ማሽኑ አልነገረኝም።»

«አትቆጣ። ሰውየው ምን አደረገ?»

ምንም አላደረገም። ውሃ ልክን ያንገበገበው ይኸው ነው። የሚጣላው ሰው አጣ።

ወደ ኮምፒውተር ክፍል ኃላፊው ሄደ። ኃላፊው በካርቶን ተከቦ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ገመድ ይፈታል።

«አሥራ አንድ መስመር ነው» አለው ውሃ ልክ። «አንተ እዚሁ ጫንላት።»

«ከዋናዎቹ ሠሪዎች ያልመጣ አልጭንም። አምና አንዱ አውቃለሁ ባይ የድሮውን ፕሮግራም ነካክቶ የሁለት ቀን የታካሚ መዝገብ ጠፍቷል። ማን ተጠየቀ? እኔ።»

«ኮዱ ክፍት ነው እኮ። ራስህ አንብበው።»

ኃላፊው ገመዱን ለቀቀው። «ወንድሜ፣ ማንበብ ብችል አንተን ምን አስጠራኝ?»

ውሃ ልክ ገመዱን ተራምዶ ወጣ።

መፍትሔውን ያገኘችው እህቱ ናት። ቁልፎቹ ስማቸውን ካልነገሯት ቁጥራቸውን ትይዛለች። አንድ ምሳ ሰዓት አጠገቧ አስቀምጣ አስነበበችው። መጀመሪያ ሦስት የሚናገሩ ሳጥኖች አሉ፤ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀን። ከዚያ ዲዳዎቹ ይከተላሉ። አራት ታብ ጥርስ፣ አምስት ዓይን፣ ስድስት አጥንት፣ ሰባት ቆዳ፣ ስምንት ሕፃናት፣ ዘጠኝ የእርግዝና ክትትል፣ አሥር ልብ። እስከ አሥራ አራት ድረስ በአንድ ምሳ ሸመደደችው። በማግስቱ ሃያ ጥሪ ሠራች። በሦስተኛው ቀን ሠላሳ ሁለት። ጣቷ ይሮጣል፤ ማሽኑ «ቁልፍ ቁልፍ ቁልፍ» እያለ ከኋላዋ ይንደፋደፋል።

«ስሙማ» አለች አጠገቧ ያለችው ባልደረባዋ፣ «ይህች ሴትዮ ማሽን መሰለች።»

«ማሽን ብሆንማ ሦስት ሳምንት ብቻ ማን ይሰጠኝ ነበር፤ የማሽን ዋስትና እኮ ዓመት ነው።»

ውሃ ልክ በዚያ ሳምንት እንቅልፍ ወሰደው።

የግምገማው ቀን ፈቃድ ጠይቆ መጣ። መግባት ስለማይፈቀድ ከመስታወቱ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። የእህቱ ስክሪን ወደ እሱ ዞሯል። ገምጋሚዋ በር አጠገብ ሰዓትና ወረቀት ይዛ ተቀምጣለች፤ የምትቆጥረው ጥሪ ነው፤ ማን የት ክፍል እንደተመደበ የሚያሳየው ዝርዝር ከኮምፒውተሩ የሚወጣው በመጨረሻ ነው።

የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊው በኮሪደሩ ሲያልፍ ትከሻውን መታ አደረገው። «የምሥራች፤ የፕሮግራሙ አዲስ እትም መጥቶ ጠዋት ጭኜዋለሁ። ምናልባት ያንተም ነገር ይኖርበታል።»

ውሃ ልክ ተነስቶ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። እህቱ ሦስተኛ ጥሪዋ ላይ ነበረች።

እትሙ ሰውየው ፈቃድ ሳይወጣ ያጸደቀው ነው፤ የውሃ ልክ ነገር አልነበረበትም። ሌላ ነገር ግን ነበረበት። ከጥርሱ በፊት አዲስ ሥዕል ገብቷል፤ የጥያቄ ምልክት። እርዳታ ለሚፈልግ ሰው ተብሎ የተጨመረ ቁልፍ ነው። እሱም ስም የለውም። ጥርስ አምስተኛ ሆኗል። ዓይን ስድስተኛ። ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ተገፍቷል፤ አንባቢው ደግሞ ለሁሉም «ቁልፍ» ነው የሚላት።

ጣቷን ቆጠረ። አምስት መታች፤ ለእሷ ዓይን ነው። ስክሪኑ ላይ ጥርሱ ሰማያዊ ሆነ። አጸደቀችው። ፈገግ ብላ ቀጣዩን አነሳች።

መስታወቱን አንኳኳ። የእህቱ ጆሮ በማዳመጫ ተሸፍኗል፤ አልሰማችም። እጁን ቢያወዛውዝ ለማን? የሰማችው ገምጋሚዋ ናት። በሩን ገርበብ አደረገች።

«ምን ፈለግህ?»

«ቁልፎቹ ተዛውረዋል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራት፤ አንዲት ቃል።»

«ተፈታኝ ከውጭ ሰው እርዳታ ካገኘ ፈተናው ይሰረዛል። ተሰረዘ ማለት አላለፈም ማለት ነው።»

«እየተሳሳተች ነው እኮ!»

«እሱን እኔ መዝግቤ ነው የማውቀው። እባክህ ቁጭ በል፤ ሌሎቹንም እየረበሽክ ነው።» በሩ ተዘጋ።

ቁጭ አለ። ተነሳ። ቁጭ አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የሆስፒታሉን የቀጠሮ መስመር ደወለ። ሙዚቃ ተሰማ፤ ከሙዚቃው በኋላ የተቀዳ ድምፅ መጣ።

«ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን። ወረፋዎ አሥራ ሰባተኛ ነው።»

ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ በመስታወቱ ውስጥ አያት። ስድስት መታች፤ አጥንት የተሰበረው ወደ ዓይን ክፍል ሄደ። ስምንት መታች፤ ሕፃኑ ወደ ቆዳ። እንደዛሬ ፈጥና አታውቅም። አንገቷ ቀጥ ብሏል። ወረፋዎ አሥራ አንደኛ ነው። ዘጠኝ። ነፍሰ ጡሯ ሕፃናት ክፍል። ወረፋዎ ሰባተኛ ነው። ሲደርሰው የሚያነሳው ሌላ ሠራተኛ ሊሆን እንደሚችል ያወቀው እዚህ ላይ ነው። ቢሆንም አልዘጋውም። ወረፋዎ አራተኛ ነው።

ከዚያ እህቱ ስታወራ አየ፤ ስታዳምጥ አየ፤ በኃይል ስትስቅ አየ። የደወሉት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ያሏትን ኋላ ነው የነገረችው። «ልጄ፣ የልብ ሐኪም ነበር የጠየቅኩሽ። ስልኬ ላይ የደረሰኝ መልእክት የእርግዝና ክትትል ይላል። ስንተኛ ወር ላይ እንዳለሁ ብትነግሪኝ።»

ሳቋ በአንዴ ቆመ። ጣቷን ታብ ላይ አድርጋ፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ብላ፣ አንድ በአንድ እስከ አሥር መታች። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቃ ከኪቦርዱ ጠርዝ ጋር አስተካክላ አስቀመጠችው። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

ወረፋዎ ሁለተኛ ነው።

ሪፖርቱ ሦስት መስመር ነበር። የተስተናገደ ጥሪ፣ ሠላሳ አራት። ፍጥነት፣ በጣም ጥሩ። ትክክለኛ ምደባ፣ ዜሮ። አዲሱ እትም ቁልፎቹን ማዛወሩን ውሃ ልክ በጽሑፍ አመለከተ። ማመልከቻው ወደ ኮምፒውተር ክፍል ተመራ፤ ኮምፒውተር ክፍል እትሙ ትክክለኛና ከዋናዎቹ ሠሪዎች የመጣ መሆኑን አረጋገጠ። የስልክ ክፍሉ ኃላፊ ምን ላድርግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ከልባቸው አዝነዋል።

አውቶቡሱ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ።

«አይተኸዋል አይደል?» አለችው።

«አይቻለሁ።»

«ከስንተኛው ጥሪ ጀምሮ?»

«ከሦስተኛው።»

እህቱ ቲኬቷን በጣቶቿ አጠፈች።

«አትጮህም ነበር?»

«ይሰረዛል አሉኝ፣ እታለም። ትወድቃለች አሉኝ።»

«በወደቅኩ። ሽማግሌውን አላስረግዝም ነበር።» ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። «ያ ስለ ሎሚ ያልከው» አለች። «ሃምሳ ሰው ሲሆን እኮ እያንዳንዱ ሌላው ያነሳዋል ብሎ ነው የሚሄደው።»

ቤት ሲደርሱ ጫማዋን አውልቃ ከግድግዳው ጋር አስጠጋች። እሱ የራሱን አጠገቡ አደረገ።

በማግስቱ ከስልኩ አንስተው መዝገብ ቤት፣ በር አጠገብ፣ ሥራ የሌለው ወንበር ሰጧት። ሁለት ወር ከአሥር ቀን ተቀመጠችበት። ከዚያ መልቀቂያዋን ራሷ ጻፈች፤ አንባቢው እያነበበላት።

አሥራ አንዱ መስመር ከተላከ በአሥራ አንደኛው ወር ገባ። የአዲሱ የእርዳታ ቁልፍ ስም ግን ከእነሱ ውስጥ አልነበረም።