የቅዳሜው ዳቦ

በገዳሙ ጸሎት ቤት በር ላይ የተለጠፈችው ወረቀት «ቁልፉ ፊት ለፊት ካለው ቤት ነው፤ ይደውሉ» ትላለች። የሚደወለው እማማ ኤርሲሊያ ቤት ነው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ደወሉን ሲሰሙ ሽርጣቸውን አውልቀው፣ መዶሻ የሚያህለውን ቁልፍ ይዘው፣ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ይወርዳሉ። የመጣው የጀርመን ጎብኚም ይሁን የሚላኖ ተማሪ፣ መጀመሪያ የሚሉት አንድ ነው፦ «እግርህን ጥረግ! የእመቤታችን ቤት እኮ ነው የምትገባው።»

እኔ ኦሬስተ እባላለሁ፤ ጣሊያን ውስጥ የትንሿ ከተማ የሮካሴልቫ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ሱቄ ከእሳቸው ቤት ሥር ስለሆነ አርባ ዓመት ሙሉ ኮቴያቸውን ስሰማ ኖሬአለሁ። ይህን የማወራው ስለማዝንላቸው ብቻ አይደለም፤ በነገሩ የእኔም እጅ ስላለበት ነው።

መነኮሳይያቱ ከተማችንን ለቀው ሲሄዱ ቁልፉን ለኤርሲሊያ እናት ሰጡ። ከቁልፉ ጋር አንድ ሥራም ሰጧቸው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በስቅለት ዋዜማ፣ ግድግዳው ላይ የተሳለችውን የእመቤታችንን ፊት በዳቦ ማበስ። ውሃ ቀለሙን ይጎዳል፤ የሻማ ጥላሸት የሚያነሳው ያደረ ዳቦ ለስላሳው ውስጡ ነው ይባል ነበር። የእኛ አገር ዳቦ ደግሞ ቀለም የሚበላ ጨው የለውም፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው እያልን እንኮራ ነበር።

ቁልፉም ሥራውም ከእናታቸው ወደ ኤርሲሊያ አለፈ፤ እሳቸው ልጅ አልወለዱም። የዛሬ ሃያ ዓመት ባላቸው ሲሞት የዓመቱን ሥራ የየሳምንት አደረጉት። ቅዳሜ ጠዋት ሱቄ ከተፍ ይላሉ።

«ኦሬስተ፣ የእመቤቴን ዳቦ አስቀመጥክ?»

«አስቀምጫለሁ። ምነው አንድ ቀን ለእኔም ፊት ቢያስቡልኝ?»

«ያንተን ፊት እንኳን ዳቦ አካፋም አያጠራው!»

ተሳስቀን እንለያያለን። ኤርሲሊያ ከዚያ በኋላ ግማሽ ቀን ጸሎት ቤቱ ውስጥ ይቆያሉ፤ ሥዕሏን ሲያብሱ ያወሯታል ብሎ የሚያሾፍባቸውም አልጠፋም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሥዕሏ ጉንጭ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ወጡ። ኤርሲሊያ እርጥበቱን እየረገሙ አጥብቀው ማበስ ጀመሩ። ጭራሽ ባሰበት፤ ነጠብጣቡ ወደ ዓይኖቿ ወጣ። በዚህ ዓመት ከቅርስ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ባለሙያ ትመጣለች፤ ሥዕሉ እዚሁ ይቆይ ወይስ ከነልስኑ ከግድግዳው ተነቅሎ ወደ ሙዚየም ይሂድ የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። ኤርሲሊያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላ አላቸው።

«ከወሰዷትስ እኔ ምን ልሠራ ነው የምኖረው? ማንስ ደወሌን ይደውላል?»

«አይወስዷትም» አልኳቸው። ከየት አምጥቼ እንዳልኩት አላውቅም።

ባለሙያዋ ጂኔቭራ የምትባል ቀጭን ሴት ናት። መሰላል ላይ ወጥታ በአጉሊ መነጽር ብዙ አየች። በትንሽ ምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረገች። እኔና ኤርሲሊያ ከሥር አንጋጠን ቆመናል። ኤርሲሊያ የፋሲካ ቀሚሳቸውን ለብሰው ነበር።

«ይህን ግድግዳ በዳቦ የሚያብስ ሰው አለ?» አለች።

የኤርሲሊያ ፊት በራ። «እኔ ነኛ! በየቅዳሜው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ። አንድም ቀን አላጓደልኩባትም።»

ጂኔቭራ ከመሰላሉ ወረደች። እኔ ግን ያን ጊዜ ገባኝና ክው አልኩ።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ «በዓመት አንዴ ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ይችለው ነበር። ፍርፋሪው በቀለሙ ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል። እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል፤ ሻጋታው ደግሞ ቀለሙን ይበላዋል።»

«እርጥበቱ ነው እንጂ ልጄ…»

«እርጥበቱ ብቻውን ዓይኖቿን አይወስድም ነበር።»

ኤርሲሊያ እጃቸውን አዩ፤ ገልበጥ አድርገው መዳፋቸውንም አዩ። እኔ አርባ ዓመት ዳቦ ጋግሬአለሁ። ዳቦ እርጥብ ቦታ በሦስት ቀን እንደሚሻግት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። እየቀለድኩ በገዛ እጄ ስሰጣቸው ኖርኩ። ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ።

በጥቅምት ከሥዕሏ የተረፈውን ነቅለው ወሰዱት። ኤርሲሊያ ወረቀቷን ከበሩ ላይ ያነሷታል ብዬ ነበር፤ አላነሱም። ጎብኚው አሁንም ይደውላል፤ እሳቸውም ቁልፉን ይዘው ይወርዳሉ። እግርህን ጥረግ ማለት ግን ትተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜም ሱቄ አይመጡም።

ባለፈው ሳምንት ከቦሎኛ የመጡ ባልና ሚስት ደወሉ። ደረጃው አዳላጭ ስለነበር ኤርሲሊያን ደግፌ አብሬ ገባሁ። ሴትየዋ ባዶውን ግድግዳ አይታ ግራ ተጋባች።

«ሥዕሏስ የታለች እማማ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋኋት» አሉ ኤርሲሊያ። «አብሼ አብሼ ጨረስኳት።»

 ሴትየዋ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። «እርስዎስ? አብረዋቸው ነው የሚሠሩት?»

ኤርሲሊያም አዩኝ፤ መልሴን የሚጠብቁ መሰለኝ።

«አይ» አልኩ። «ጎረቤት ነኝ።»