መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም

ሸዋ ሮቢት መጦሪያ ቤት ሳለሁ የፈራሁትን ያህል፣ ጣርማ በርን በጭነት መኪና ስወርድ ፈርቼ አላውቅም። ፍሬን እንቢ ብሎኝ ያውቃል፤ ጉም ውጦኝ ያውቃል። ያኔ ግን ቢያንስ መሪው በእጄ ነበር። መጦሪያው ውስጥ በእጄ የነበረው ከዘራዬ ብቻ ነው፤ እሱንም ግማሹን ቀን ስፈልገው እውላለሁ።

የፈራሁት ስለ ልጄ ነው። ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ያለችኝም እሷ ብቻ ናት። በየእሑዱ ትደውል ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ ድምፅዋ ጠፋ። ስልኳ አይሠራም። ለክፉ ቀን ብላ የሰጠችኝ የአሠሪዋ ቁጥር ኪሴ ውስጥ ነበረ፤ ግን የሚመልሱልኝን ፈርቼ አልደወልኩም። ሰው ሲጠይቀኝ “ሥራ በዝቶባት ነው” እላለሁ። ሽማግሌ ሲዋሽ ጢሙ ያሳብቅበታል።

የምትንከባከበን የካራቆሬ ልጅ ነበረች። ድምፅዋ መኪና ያስቆማል። ጠዋት በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ትገባና፣ “አባባ ተነሳ! ዛሬም ተዘፍዝፈህ ልትውል ነው? ና ታጠብ!” ትለኛለች። እንደ ገዛ አባቷ አንተ ነበር የምትለኝ። እኔም “ምን ያጣድፍሻል፣ ልትድሪኝ ነው?” እላታለሁ። እንዲህ ተግባብተን እንኖር ነበር።

አንድ ሰሞን ሠራተኞቹ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብተው ኮምፒውተር ላይ ያፈጡ ጀመር። ዘበኛውን ስንጠይቀው “ስልጠና ነው፣ በኢንተርኔት” አለን። ስለ ምን እንደሆነ እሱም አያውቅም፤ መብራት ሲጠፋ ይወጣሉ፣ ሲመጣ ይገባሉ። በዚያ ዘመን ገበሬው ይሠለጥናል፣ ነጋዴው ይሠለጥናል፣ ያልሠለጠንን እኛ ሽማግሌዎቹ ብቻ ነበርን። ስለዚህ ነገሬም አላልኩት።

ከዚያ በአንድ ጠዋት በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ያቺው የካራቆሬ ልጅ ናት፤ በር ስታንኳኳ የመጀመሪያዋ። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ያዘች። ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ “ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?” አለችኝ።

አደሩ! መልሴን ጠበቀች። ቀጥላ፣ “ቁርስ... በልተዋል?” አለች።

በዚያ በሮቢት ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ።

በሹፌርነቴ ዘመን በደሴ መንገድ የጫንኩት እህልና ሽንኩርት ብቻ አልነበረም። “አንተ ቀድመህ ትደርሳለህ፣ እባክህ ንገርልን” እየተባልኩ ስንቱን ቤት አርድቻለሁ! ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። ትቀመጣለህ፣ እጁን ትይዛለህ፣ ድምፅህን ታለዝባለህ። ከሁሉ በፊት ደግሞ እህል መቅመሱን ትጠይቃለህ። መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም።

“አልበላሁም” አልኳት።

“ምን ይምጣልዎ? ፍርፍር ወይስ ዳቦ በሻይ?”

“ምንም!”

እኔ ብልጡ ዘዴ አገኘሁ። ካልበላሁ አይነግሩኝም፤ እስካልነገሩኝ ድረስ ልጄ አለች። ምሳም እንቢ፣ እራትም እንቢ አልኩ። እኔ እንቢ ባልኩ ቁጥር ልጅቱ ይበልጥ ትለዝባለች፤ እሷ በለዘበች ቁጥር እኔ እፈራለሁ።

የጎን አልጋ ጎረቤቴ፣ ሐጂ የምንላቸው የድሮ የጨርቅ ነጋዴ፣ ምክንያቴን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። “አንተ ሰው፣ በረሃብ ሞተህ የራስህን መርዶ ለልጅህ ልታስነግር ነው?” አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሆነው መጡ፤ ልጅቱ፣ ነርሷና ኃላፊዋ። ሦስቱም ወንበር ስበው ከበቡኝ። ኃላፊዋ እጄን ይዛ፣ “የሚሰማዎትን ይንገሩን፤ እኛ እናዳምጣለን” አለች። ከዚያ ሦስቱም ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠበቁ።

“ልጄን!” ብዬ ደረቴን መታሁ።

ከማዶው ክፍል አሮጊቶቹ ተቀበሉኝ። በእኛ አገር መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን ሞተ የሚባለው በኋላ ነው። ግቢው በአንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሆነ። ልጅቱ ደንግጣ ብድግ አለች፤ ድንጋጤው አንቱታውን አስጣላት።

“አባባ! ምን ሆንክ? ማን ሞተ?”

“አንቺ ታውቂያለሽ እንጂ!”

“እኔ ምኑን አውቄ! ስልጠናው ነው እኮ! ከአረጋውያን ጋር ስታወሩ አንቱ በሏቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ እጃቸውን ያዙ፣ አትቸኩሉ፣ መልሳቸውን ጠብቁ ነው ያለን!”

“ሱብሃነላህ!” አሉ ሐጂ። “በኢንተርኔት መርዶ አነጋገር አስተማሯችሁ?”

ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ስልጠና ሆነም አልሆነ፣ ልጄ ከፋሲካ ወዲህ አልደወለችም። የአሠሪዋን ቁጥር ከኪሴ አውጥቼ ለልጅቱ ሰጠኋት። እንደ ድሮዋ ብብቴን ይዛ እየጎተተች ቢሮ አስገባችኝና ደወለች። የመለሰችው ሴት በዓረብኛ ተንጣጣች። ተከትለውን የገቡት ሐጂ ዓረብኛ ያውቃሉና ስልኩን ተቀብለው ጥቂት ተነጋገሩ፤ ፊታቸውን ሳይ ፈራሁ፣ ሳላይም ፈራሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ።

“አባዬ?”

ራሷ ናት! ስልኳ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተበላሽቶ ኖሯል፤ ሌላ እስክትገዛ ነው የጠፋችው። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ቁርስ በላህ?” አለችኝ።

“አልበላሁም! ምን ልትነግሪኝ ነው?”

“ኧረ አባዬ፣ ምን እነግርሃለሁ? በላህ ወይ ነው ያልኩህ!” ብላ ጮኸችብኝ።

“እንደሱ ጩሂብኝ” አልኳት።

ክፍሌ ስመለስ ልጅቱ ፍርፍር አመጣችልኝ። ወንበሩንም ሳብ አደረገች።

“ቆመሽ!” አልኳት። “ለእኔ ደግ ደጉን ቆመሽ ንገሪኝ።”

እየሳቀች ቆመች። እኔ ግን ሳህኑን እስክጨርስ ዓይኔን ከወንበሩ ላይ አላነሳሁም።