መሃሉን ያልሰማችው ልጅ

ትናንት ከየካ አባዶ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት ለጉንፋን መታጠኛ የሚሆን እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል በፌስታል ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲደርስ የጉልበቴን ሕመምም የዕድሜዬንም ነገር ረስቼ፣ ደብተሬን በብብቴ ይዤ የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት ስወጣ ታየኝ።

ከትምህርት ቤት መልስ የቀበናን ድልድይ ተሻግረን ወደ እንጦጦ ግርጌ በእግር የምንወጣ ሴቶች ልጆች ነበርን፤ ተረት የምነግራቸው ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ ይህን ማንም አይክደኝም። እንደ ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ስጀምር ግን ግማሾቹ ወሬው ሳይሞቅ ቤታቸው ይደርሱና ጥለውኝ ይገባሉ። ስለዚህ አንድ ብልሃት አገኘሁ፤ ተረቱን ከመጨረሻው መጀመር! «ጅቡ የባልቴት ነጠላ እንደ ተከናነበ ጠላ ጋን ውስጥ ሞቶ ተገኘ» እልና ጸጥ። ከዚያ ወዲያ ማን ይልቀቀኝ! ደብተሬን ለመሸከም፣ ጭቃው ላይ እኔን ለመደገፍ ሽሚያ ሆነ። እኔም እንዴት እንደ ሞተ ላይኛው ኩርባ ሳንደርስ ትንፍሽ አልልም።

የዝናሽ ቤት ከሁላችንም በታች፣ ድልድዩን እንዳለፍን ነበር። በራቸው ላይ ቆማ ትለማመጠኛለች።

«በማርያም! እንዴት ገባ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«እስከ ላይ ሸኚኝና ስሚ።»

«እናቴ ትገድለኛለች!»

«እንግዲያው ደህና እደሪ።»

ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

የወላጆች በዓል ሲደርስ መምህራችን «መድረክ ላይ ተረት የሚያቀርብ?» ብለው ጠየቁ። እኔ ያን ቀን ስንት ጊዜ በሕልሜ አይቼዋለሁ፤ ግን ተጠርቼ፣ ተለምኜ እንድወጣ ፈለግሁና ዝም አልኩ። ዝናሽ እጇን አወጣች። በበዓሉ ቀን የኔን ጅብ፣ በኔው ቃል፣ ከመጨረሻው ጀመረችው። ደሜ ፈላ። ወዲያው ደግሞ ልቤ በደስታ ዘለለ፤ መሃሉን እኮ አልሰማችውም! አሁን ይጠፋባታል፣ አሁን ትዋረዳለች ብዬ ትንፋሼን ውጬ ጠበቅኩ። እውነትም ቆመች። ዓይኗ ፈልጎ ፈልጎ አገኘኝ፤ ፊቴን ወደ ባንዲራው አዞርኩ።

ያኔ ደረቷን እየደቃች ሙሾ አወረደች! ጅቡ ነጠላውን የተከናነበው ለካ ለቅሶ ቤት ለመግባት ኖሯል፤ ከዘመድ አብልጦ ቢያለቅስ ባለቤቶቹ አዝነውለት ጠላ ቀዱለት፣ ደገሙት፣ ሠለሱት፤ እሱም በጣሳ መጠጣት ሰለቸውና ጋኑ ውስጥ ገባ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። እናቴ፣ የገዛ እናቴ፣ በሻሿ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

«የኔ ተረት ነው!» አልኳት ዝናሽን፣ ከመድረኩ እንደ ወረደች።

«ታዲያ አፍሽን ማን ያዘው?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ፤ ልጆቹ ድልድዩ ጋ እሷን ከበው ቀሩ። ይቅር አላልኳትም፤ አልልምም። ነገር ግን ያን ሁሉ ልጅ እስከ ላይ ያስወጣሁበትን የኔን መሃል ላስታውስ ስሞክር አንዲት ቃል አልመጣ ትለኛለች። ከሰሙት የላይ ሰፈር ልጆች ከፊሎቹ አልፈዋል፣ የቀሩት የት እንደ ገቡ አላውቅም። የልጅ ልጆቼ ጅቡ እንዴት ሞተ ብለው ሲያስጨንቁኝ የማወርደው የዝናሽን ሙሾ ነው፤ እነሱም በየሄዱበት «የአያታችን ተረት» እያሉ ያወሩታል።